«ለምን ገባችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር፦ የሕክምና ተማሪዎች ተነሣሽነት ከመማሪያ ክፍል ወደ ሕሙማን ክፍል ሲሻገር

አኅጽሮተ ጥናት

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ውስጥ ስለ ተማሪዎች ተነሣሽነት ሲነሣ ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ «ተማሪው ወደ ሙያው የገባው በፍላጎቱ ነው ወይስ በውጤቱ?» የሚለው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በዘርፉ የተሠሩ ጥናቶችን መነሻ በማድረግ ጥያቄው ከሚገባው በላይ ክብደት እንደተሰጠው ይከራከራል። ሊጠና የሚገባው የመግቢያው ምክንያት በትምህርት ዘመኑ፣ በተለይም በክሊኒክ ዓመታት፣ የተማሪው የራሱ የሚሆንበት ወይም የሚከስምበት ሂደት ነው።

መግቢያ

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሕክምናን ቢመርጥ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም፤ ባይመርጥ ግን ለቤተሰቡም፣ ለመምህራኑም፣ ለጎረቤቱም ማስረዳት ይጠበቅበታል። ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ «ዶክተር» እየተባለ የሚጠራ ጎበዝ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። የምደባው ሥርዓትም ይህንኑ ያጠናክራል። ተማሪዎች በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ውጤታቸው ጭምር ሲደረደሩ፣ የሕክምና ትምህርት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ከላይኛው ረድፍ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ሕክምናን መረጥሁ» ሲል ምን ያህሉ ምርጫ፣ ምን ያህሉ የውጤቱ ስበት እንደሆነ ራሱም ለይቶ ላያውቀው ይችላል።

ስለ ተማሪዎች በሚደረግ ውይይት ይህ ጉዳይ በአብዛኛው ወደ ሁለት ጎራ ይከፈላል፦ «ጥሪ ያለው» እና «ውጤቱ ያስገባው»። በትምህርቱ የላላ፣ ከሕሙማን ጋር ለመነጋገር የሚሰለች፣ ገና ሳይመረቅ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚሰናዳ ተማሪ ሲያጋጥም ማብራሪያው ቅርብ ነው፤ ድሮውንም ፍላጎት አልነበረውም ይባላል። ማብራሪያው ለብዙ ወገን ምቹ ነው። የችግሩን ምንጭ ተማሪው ወደ ግቢው ከመምጣቱ በፊት ወደ ነበረው ጊዜ ስለሚወስደው፣ ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን ከጥያቄ ነጻ ያወጣቸዋል። ከማስረጃው ጋር ግን አይስማማም።

ተነሣሽነት መጠን ብቻ አይደለም

በዕለት ተዕለት አማርኛ ተነሣሽነት የሚበዛ ወይም የሚያንስ ነገር ነው፤ «ተነሣሽነቱ ቀንሷል»፣ «ተነሣሽነቱን መጨመር ያስፈልጋል» እንላለን። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ1985 በመጽሐፍ ያቀረቡት የራስ ውሳኔ ንድፈ ሐሳብ ግን ከመጠኑ አስቀድሞ ስለ ዓይነቱ ይጠይቃል። ሌሊቱን ሙሉ ፋርማኮሎጂ ሲያጠኑ ያደሩ አራት ተማሪዎችን እናስብ። አንዱ ያጠናው ፈተና ስላለበት ነው። ሁለተኛው ቢወድቅ ቤተሰቡን በምን ዓይን እንደሚያይ እያሰበ፣ ኀፍረቱን ፈርቶ ነው። ሦስተኛዋ ትምህርቱን ባትወደውም መድኃኒት በስሕተት የሚያዝ ሐኪም መሆን ስለማትሻ ነው። አራተኛዋ ደግሞ አንድ ሞለኪውል የልብን ምት እንዴት እንደሚለውጥ መረዳቱ ራሱ ደስ ስለሚላት ነው። የአራቱም ትጋት ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ የንባብ ሰዓታቸውን የሚቆጥር ሰው ልዩነት አያገኝባቸውም። በንድፈ ሐሳቡ አገላለጽ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቁጥጥር ሥር ያለ ተነሣሽነት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በራስ ፈቃድ የሆነ ተነሣሽነት አላቸው።

እዚህ ላይ ለርእሳችን ትልቅ ትርጉም ያለው ሦስተኛዋ ተማሪ ናት። ምክንያቷ ከውጭ የመጣ ነው፤ ትምህርቱን ለራሱ ሲል አልወደደችውም። ሆኖም ምክንያቱን አምናበት የራሷ አድርጋዋለች። ዴሲና ራያን ይህንን የራስ የማድረግ ሂደት ከሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶች ጋር ያያይዙታል፤ የሚሠሩትን አምኖበትና ፈቅዶ መሥራት፣ እችላለሁ የሚል የብቃት ስሜት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ሦስቱ ሲሟሉ ከውጭ የመጣ ምክንያት እየሰረጸ የራስ ይሆናል፤ ሲነፈጉ ደግሞ የራስ የነበረው ሳይቀር ይነጥፋል። ስለዚህ በውጤቱ ምክንያት መግባት የመጨረሻ ፍርድ ሳይሆን መነሻ ነው።

የቤተሰብ ፍላጎትም በዚሁ መንገድ መታየት አለበት። «ወላጆቼ ስለፈለጉ ገባሁ» የሚል መልስ በጥናት መጠይቅ ላይ ሲገኝ ወዲያውኑ ውጫዊ ጫና ተብሎ ይመዘገባል። ቫለሪ ቺርኮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ባካሄዱት ጥናት በራስ ፈቃድ መሥራት ማለት ከሌሎች ተነጥሎ መቆም ማለት እንዳልሆነ አመልክተዋል፤ ሰው ለቤተሰቡ ሲል የሚያደርገውን ነገር ከልቡ ፈቅዶ ሊያደርገው ይችላል። በእኛ አገር ታናናሾቹን ለማስተማር፣ የእናቱን ድካም ለመካስ ሐኪም ሊሆን የተነሣ ወጣት «ራሱን ችሎ አልወሰነም» ማለት ንድፈ ሐሳቡን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ ነው። ልዩነቱ ወላጆቹ መፈለጋቸው ላይ አይደለም፤ ተማሪው የእነርሱን ፍላጎት የራሱ አድርጎታል ወይስ ተሸክሞት ብቻ ይጓዛል በሚለው ላይ ነው።

መጠይቁ የሚሰማውና የማይሰማው

በዘርፉ ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝኛ ያወጡት ባለ 28 ጥያቄ የአካዳሚያዊ ተነሣሽነት መለኪያ ነው። በብራዚል ዴጃኖ ሶብራል እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በሕክምና ተማሪዎች ላይ ተጠቅመውበታል። እንዲህ ያለ መለኪያ በአገራችን ሥራ ላይ ሲውል ከትርጉሙ ይልቅ የሚያሳስበው ማኅበራዊው መልስ ነው። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች በመገናኛ ብዙኃን ሲቀርቡ «ወገኔን ለማገልገል» የሚለው መልስ እንደ ሰላምታ የተለመደ ሆኗል። ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ሁሉም የሚሰጠው መልስ ማንንም ከማንም አይለይም።

በብሪታንያ ክሪስ ማክማነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ አመልካቾችን ወደ ሕክምና የሚስቡ ነገሮችን በአራት ዘርፍ አግኝተዋቸዋል፦ ሰውን መርዳት፣ መከበር፣ ያለ እርሱ የማይሆን ሰው መሆን፣ ሳይንስ። ክብርና ተፈላጊነት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለ ኀፍረት መቀመጣቸው ልብ ሊባል ይገባል። እኛ ዘንድ ክብር ተማሪዎችን ወደ ሕክምና ከሚስቡ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በመጠይቅ ላይ ግን ለመጻፍ የሚታፈርበት ምክንያት ነው። ስለዚህም «ለምን ገባችሁ?» በሚል አንድ ጥያቄ የተሰበሰበ መረጃ የሚነግረን በአብዛኛው ተማሪው ምን ማለት እንደሚገባው ማወቁን ነው።

ክሊኒክ ዋን

አሜሪካውያኑ ሃዋርድ ቤከርና ብላንች ጊር በካንሳስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተማሪዎች ጋር ውለው ያደረጉት ምልከታ ዛሬም የሚነበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ተማሪዎች ሰውን የመርዳት ሕልም ይዘው ይገባሉ፤ ብዙ ሳይቆዩ ሁሉን መማር እንደማይቻል ተረድተው መምህራን የሚፈልጉትን ማጥናት ይጀምራሉ። ከውጭ ለሚያይ ሕልማቸውን የጣሉ ይመስላል። ቤከርና ጊር ግን ሕልሙ ለጊዜው ወደ ጎን እንደተቀመጠና ምርቃት ሲቃረብ በበሰለ ሙያዊ መልክ እንደሚመለስ ጽፈዋል። ይህ ግኝት ከንድፈ ሐሳቡ በብዙ ዓመታት ቢቀድምም አብሮት ይሄዳል፤ ተነሣሽነት ከሁኔታ ጋር የሚለዋወጥ ነገር ነው።

ብርቱው ፈተና የሚመጣው ከመማሪያ ክፍል ወደ ሕሙማን ክፍል በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። መሐመድሬዛ ሆጃትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በፊላደልፊያ ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ባወጡት የክትትል ጥናት፣ ለሕመምተኛ የመራራት መጠን በሦስተኛው ዓመት፣ ማለትም ተማሪዎቹ ከሕሙማን ጋር በስፋት መገናኘት በሚጀምሩበት ዓመት፣ ጉልህ በሆነ ሁኔታ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የቅነሳው መጠን ተጋኗል ያሉ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ተነሥተዋል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ርኅራኄና ተነሣሽነትም አንድ አይደሉም። የሁለቱም ወገን ክርክር ግን የሚያጠነጥነው ተማሪው ከሕሙማን ጋር በሚገናኝበት ወቅት በሚያጋጥመው ነገር ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሽግግር ተማሪዎች «ሲ ዋን» የሚሉት ዓመት ነው። ሦስቱ ፍላጎቶች በዚያ ዓመት ምን እንደሚገጥማቸው በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ከብቃት እንጀምር። ማለዳ በራውንድ ላይ ተማሪው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሕመሙን ታሪክ ያቀርባል፤ ከአማካሪ ሐኪሙ፣ ከሬዚደንቶችና ከኢንተርኖች ጥያቄ ይወርድበታል። ጥያቄው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሕክምና በዚህ መንገድ ሲሰጥ ኖሯል። መልሱን ያላወቀ ተማሪ በሕመምተኛውና በአስታማሚው ፊት ሲዋረድ ግን የሚማረው ስለ በሽታው አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያነበው እንዳይጠየቅ ወይም እንዳያፍር ነው። ምናልባት በጥሪ የገባችው ተማሪ በዚህ መንገድ ከላይ ካየናቸው አራት ተማሪዎች ወደ ሁለተኛው ትወርዳለች፤ መምህሯም ከወትሮው ይበልጥ ስታነብ አይቶ ዘዴው እንደሠራ ይቆጥረዋል።

ስለ ብቃት ስሜት በምዕራቡ ዓለም የተጻፈው ብዙ የማያነሣው ሌላ ጉዳይም አለ። የእኛ ተማሪ የበሽታውን ምንነት፣ የሚያስፈልገውን ምርመራና መድኃኒት በትክክል አውቆ ሳለ ምርመራው በሆስፒታሉ ላይኖር፣ መድኃኒቱም ከውጭ ፋርማሲ በአስታማሚ ገንዘብ የሚገዛ ሊሆን ይችላል። አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሳይገዛ ይመለሳል። በመጽሐፉ መሠረት ትክክለኛውን መልስ የመለሰው ተማሪ ሕመምተኛው ያለ መድኃኒት ሲያድር ያያል። የብቃት ስሜት «አውቃለሁ» ብቻ ሳይሆን «ያወቅሁት ለውጥ ያመጣል» የሚል እምነትም ነው። እንዲህ ያለ ገጠመኝ በተደጋገመ ቁጥር ዕውቀቱ ሳይጎድል እምነቱ ሊሸረሸር ይችላል። በእኔ ግምት በአገራችን ተማሪዎች ላይ የሚታየውና «ግዴለሽነት» የሚባለው ነገር ከፊሉ ይኸው ነው፤ ፍላጎት የማጣት ምልክት ሳይሆን ፍላጎት ያለው ሰው ራሱን የሚከላከልበት መንገድ። ይህ ግምት በጥናት ሊፈተን የሚችል ነው፤ መፈተንም አለበት።

በራስ ፈቃድ ስለመሥራት የኢንተርንሽፕ ዓመት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ኢንተርኑ በዱቲ ሌሊቶች ደም ይቀዳል፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ የጠፋ ካርድ ይፈልጋል። ከእነዚህ መካከል ለሐኪምነት የሚያስፈልጉ አሉ፤ የሠራተኛ እጥረት የጫነበትም አለ። ኢንተርኑን የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አይመስልም፤ የትኛው ለትምህርቱ፣ የትኛው ለሆስፒታሉ ጉድለት እንደሆነ የሚነግረው አለመኖሩም ጭምር ነው። ትስስርን በተመለከተ ሁኔታው ይሻላል። በአንድ ምድብ አብረው የሚዞሩ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ባህል ጠንካራ ነው፤ ማስታወሻ ይጋራሉ፣ ዱቲ ይለዋወጣሉ፣ የታመመውን ይሸፍናሉ።

ገንዘብ፣ ዕጣና ግዴታ

ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ሙከራ፣ እንቆቅልሽ በመፍታት ክፍያ ያገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍያው ሲቋረጥ በነጻ ጊዜያቸው በእንቆቅልሹ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀንሷል። ይህ ውጤት አንዳንድ ጊዜ ሐኪም ስለ ደመወዝ መጠየቅ የለበትም ለሚል ስብከት ይጠቀሳል። አጠቃቀሙ ስሕተት ነው። ሙከራው የሚናገረው አስደሳች የሆነን ሥራ በክፍያ ስለመቆጣጠር እንጂ የኑሮ ፍላጎቱ ያልተሟላለት ሰው ስለሚከፈለው ደመወዝ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ ድምፃቸውን ባሰሙ ጊዜ «ሙያው የመሥዋዕትነት ነው» የሚል መልስ ተደምጦ ነበር። ሰው መሥዋዕትነትን ራሱ ሲመርጠውና ሲታዘዘው አንድ አይሆንም፤ ንድፈ ሐሳቡም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ፒተር ሴርኔልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት በኢትዮጵያ የመጨረሻ ዓመት የነርስነትና የሕክምና ተማሪዎችን በገጠር ለመሥራት ስላላቸው ፈቃደኝነት የጠየቀ ነው። ዋናዎቹ ወሳኝ ነገሮች ሁለት ሆነው ተገኝተዋል፤ የተማሪው ቤተሰብ የኑሮ ደረጃና ድኾችን ለመርዳት ያለው ፍላጎት። ጥናቱ ብዙ ጊዜ የሚነበበው «ጥሪ ያላቸውን እንምረጥ» ለሚለው ሐሳብ ድጋፍ ሆኖ ነው። ፍላጎቱ የተለካው ግን በመጨረሻው ዓመት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ተማሪዎቹ ይዘውት ገብተው ይሁን በትምህርታቸው ዘመን አፍርተውት፣ ሌሎቹ ደግሞ አጥተውት ይሁን አልነበራቸውም፣ አንድ ጊዜ የተወሰደ መለኪያ ሊነግረን አይችልም።

ዋቅጋሪ ደሬሳና አክሊሉ አዛዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከተጠየቁት የሕክምና ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከምርቃት በኋላ ወደ ውጭ አገር የመሄድ ተስፋ ነበራቸው። ይህንን ቁጥር ለሙያው ፍቅር ማነስ ማስረጃ ማድረግ ይቀናናል። የተማሪዎቹን የወደፊት ሕይወት የሚወስነው ሥርዓት ግን አብሮ መታየት አለበት። ለረጅም ጊዜ አዲስ ምሩቅ ሐኪም የሚመደበው በዕጣ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃውንም ያገኝ የነበረው የግዴታ አገልግሎቱን ሲጨርስ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተመርቀው ምደባ የሚጠባበቁ ሐኪሞች ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የትም ቢሄድ በራሱ ውሳኔ የማይሄድ ሰው፣ ሊወስንበት የሚችለውን አንድ ነገር ማለትም መሄድን ቢያስብ ከሙያ ፍቅር ማነስ ጋር የግድ አይያያዝም። ያንኑ ሙያ ሌላ ቦታ ሊሠራው ነው የሚሄደው።

ትምህርት ቤቱ በእጁ ያለው

ጄፍሪ ዊልያምስና ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ ሕመምተኛን የማነጋገር ትምህርት የሚወስዱ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችን ለ30 ወራት ተከታትለዋል። መምህራኖቻቸው ሐሳባቸውን እንደሚያዳምጡና ምክንያት እንደሚሰጡ የተሰማቸው ተማሪዎች በትምህርቱ ይበልጥ በራሳቸው ፈቃድ የሚማሩ ሆነዋል፤ የብቃት ስሜታቸውም ጨምሯል። ከስድስት ወር በኋላ አንድን አስመሳይ ሕመምተኛ ሲያነጋግሩ እነርሱም በተራቸው ለሕመምተኛው ፈቃድ ይበልጥ ቦታ ሰጥተዋል። ስለ ሕመምተኛው ሥነ ልቡናዊና ማኅበራዊ ኑሮ የያዙት እምነት ከሁለት ዓመት በኋላም ጸንቶ ተገኝቷል። ተማሪዎቹ ይዘውት የመጡት ዝንባሌ ድርሻ እንደነበረው ጥናቱ አልካደም። ከዚያ በላይ ግን የመምህሩ አያያዝ ራሱን የቻለ ድርሻ ነበረው። መምህር በተማሪው ላይ የሚያደርገውን ተማሪው በሕመምተኛው ላይ ይደግመዋል ማለት ነው፤ በራውንድ ላይ ስለሚደረገው ማዋረድ ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህ ዓይነት መምህርነት ተጨማሪ በጀት አይፈልግም። አማካሪ ሐኪሙ ላልተመለሰ ጥያቄ «ነገ አንብበህ ንገረን» ሲልና በማግስቱ ሳይረሳ ሲጠይቅ፣ የናሙናው ማመላለስ ለምን በኢንተርኑ ላይ እንደወደቀ በግልጽ ሲነግረው፣ መድኃኒት የጠፋበትን ሕመምተኛ ጉዳይ ዝም ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ባለን ነገር ምን እናድርግ?» ብሎ ከተማሪዎቹ ጋር ሲመክርበት፣ ሦስቱንም ፍላጎቶች እየነካ ነው። ይህንን በሥርዓት ለመሥራት የተሞከረበት የራሳችን ልምድም አለ። በጅማ የኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ውስጥ የተለያዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይሰማራሉ፤ የአካባቢውን ችግር ራሳቸው አጥንተው፣ ምን እንደሚሠሩ ዐቅደው፣ የዐቀዱትን ይፈጽማሉ። የዚህ ፕሮግራም ጥቅም ብዙ ጊዜ የሚለካው ለኅብረተሰቡ በሰጠው አገልግሎት ነው። በተማሪዎቹ ተነሣሽነት ላይ ያሳደረውን ለውጥ፣ ከመሰማራታቸው በፊትና በኋላ በመለካት ማጥናት ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ በቂ ርእስ ነው።

ለሚከተለው ጥናት

አገሪቱ ሳታስበው ያዘጋጀችው አንድ የማነጻጸሪያ ዕድልም አለ። በ2004 ዓ.ም. በ13 ትምህርት ቤቶች የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች ተቀብሏል። እነዚህ ተማሪዎች በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ያላቸውን ሙያ ትተው የመጡም አሉባቸው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ጋር ተያይዞ ከሚመጣው ምርጫ ይልቅ የእነርሱ ውሳኔ ለራስ ፈቃድ የቀረበ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። የመግቢያ ምክንያት ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቡድኖች በክሊኒክ ዓመታት የሚያሳዩት የተነሣሽነት ለውጥ የተለያየ በሆነ ነበር። የሕሙማኑ ክፍል ሁኔታ ወሳኝ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የሚማሩት፣ በየትኛውም በር ቢገቡ፣ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ በሁለት የተለያዩ ሆስፒታሎች የሚማሩት እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ለዚህ የሚሆነው ጥናት ተመሳሳይ ተማሪዎችን ቢያንስ በሦስት ወቅቶች መጠየቅ አለበት፦ ወደ ሕሙማን ክፍል ከመግባታቸው ከአንድ ወር በፊት፣ በሲ ዋን መጨረሻና በኢንተርንሽፕ አጋማሽ። መጠይቁ በመምህራን እጅ መሰብሰብ የለበትም፤ የተማሪው ስምም ከመልሱ ጋር መያያዝ የለበትም፤ የሦስቱ ወቅቶች መልሶች ተማሪው ራሱ በሚመርጠው ምሥጢራዊ ቁጥር ሊገናኙ ይችላሉ። «ለምን ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ቢቀር ይሻላል፤ «ትናንት ማታ ለምን አነበባችሁ?» የሚለው ይተካው።